የተረከዝ ዱካ

ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ከባሌ ቤት ተመልሼ ከወላጆቼ ጋር ስኖር፣ በመሠረተ ትምህርት። ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነበር። ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ሲሸሽ በሚለቀው ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራ እንዘራለን። የሚያርሰው አባቴ ነው፤ እናቴ መሬቱን አይታ «ደርሷል» ሳትል ግን በሬ አይጠመድም።

አንድ ዓመት እናቴን ጉልበቷን አመማትና መሬቱን የማየቱ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ።

«ምኑን ነው የማየው?» አልኋት፣ ደብተሬን ዘርግቼ።

«ከባሕሩ ስትመለሽ ተረከዝሽ የረገጠውን ተመልከች። ዱካው ውኃ ከቋጠረ ገና ነው። ካልቋጠረ ደርሷል።»

ቃል በቃል ጻፍሁት። ውኃ የምቀዳው ጎሕ ሳይቀድ ስለሆነ ዱካ አይታየኝም፤ ስለዚህ ከትምህርት ስመለስ በዚያ በኩል ዞርሁ። ሦስት ቦታ ረገጥሁ። አልቋጠረም። «ደርሷል» አልሁ። አባቴ ጠመደ። እናቴ ግን በዓይኗ ስላላየችው ከዘሩ ግማሹን አላወጣም አለች።

ከሳምንት በኋላ አፈሩን ጫር ባደርገው ሽምብራው አብጦ ሸቷል።

«ዘንድሮ ደብተር ነው የዘራልን» አለ አባቴ።

እናቴ አልሳቀችም። «ስትረግጪ እንስራው ከብዶሽ ነበር?»

«የምን እንስራ? ከትምህርት ስመለስ እኮ ነው።»

«ባዶ እጅሽን?» አለች ጉልበቷን እያሸች። «እኔ በዚያ መንገድ ውኃ ሳልሸከም ተመልሼ አላውቅም፤ ምን ብዬ ልንገርሽ!»

በማግስቱ ረፋድ ላይ እንስራዬን ሞልቼ አዝዬ ተመለስሁ። ተረከዜ ሰመጠ፤ ዱካው ወዲያው ውኃ ቋጠረ። በየቀኑ ተመላለስሁ። የቀረው ግማሽ ዘር ከበሰበሰ ለከርሞ የምንዘራው የለንምና አባቴ «እንዝራ» እያለ ቢነዘንዘኝም «ገና ነው» አልሁት። በዘጠነኛው ቀን ዱካው ደረቅ ሆነ።

ዘራን። በቀለ።

ያን ጊዜ ደብተሬን አውጥቼ አረምሁ። እናቴ «እስቲ አንብቢው» አለችኝ።

«እንስራ አዝሎ መርገጥ።»

«ሙሉ እንስራ በይ እንጂ። ኋላ አንዷ ባዶውን አዝላ ትሄድልሻለች።»

«ሙሉ» የሚለውን ከላይ ጨመርሁበት።