ቁልፍ የሌለው ዶክ ፍለጋ

የሰው አባት ጡረታ ሲወጣ ጋዜጣ ያነባል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይሟገታል፣ ደጅ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። የዚህች ልጅ አባት ግን ቁልፍ ይጫናሉ። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ትልቅ ሕንጻ ሊፍት ውስጥ ቆመው ሰው ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። የገባውን ሁሉ "ወዴት ነን?" ይላሉ፣ ይጫናሉ፣ ሲደርሱ ደግሞ "ደርሰናል!" ይላሉ። ሰፈሩ በሙሉ "አባባ ደርሰናል" ነው የሚላቸው። በኋላ ሊፍቱ ተቀየረና ሰው ራሱ እየተጫነ መውጣት ሲጀምር እሳቸውን ሸኟቸው። ጣታቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

የልብስ ማጠቢያውን ባዶውን ያስነሱታል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ሲነካኩ ውለው ቋንቋውን ማንም ወደማያውቀው ይቀይሩታል። የበሩን ደወልማ ተዉት! ከውጭ ሲመለሱ እንደ ሰው አንዴ ተጭነው አይጠብቁም፤ በሩ እስኪከፈት ጣታቸውን አያነሱም።

"አባባ፣ ኧረ አንዴ ይበቃል! ደንቆሮ አይደለሁም እኮ!" እያለች ልጃቸው ሮጣ ትከፍታለች።

እሳቸው ምን ገዷቸው! "ደርሰናል!" ብለው ይገባሉ።

ልጅየው የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ናት፤ የምትሠራውም እዚያው ቤት፣ በመጋረጃ በከለለችው ጥግ ነው። ባለፈው ወር ቀኑን ሙሉ የለፋችበትን ሥራ ኮምፒውተሩ እያስቀመጠ ሳለ፣ አባቷ አቧራ ልጥረግ ብለው ገቡና የመብራት ማከፋፈያውን ቀጭ አደረጉት። ድርግም። "ቀይ መብራት በርቶ አየሁና ነው" አሉ፤ በቃ። እንደገና ሀ ብላ ጀመረች።

አሁን ደግሞ የባሰ መጣ። አሮጌው ኮምፒውተሯ ሞተ፤ ከውስጡ ያወጣችው ሃርድ ዲስክም ገና ኮምፒውተሩ ሳይሞት ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀምሮ ነበር። ይህን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልሰናበት ነው ማለት ነው። ውስጡ ገና ያላስረከበችው ሠርግ አለ። ሙሽራይቱ በየማለዳው እየደወለች "የኔ ቆንጆ፣ አላለቀልኝም?" ትላታለች። ሌላ ቅጂ የለም። ይህ ሠርግ ጠፋ ማለት ስሟም እንጀራዋም ጠፋ ማለት ነው። ቪዲዮው ጠፍቷል ተብሎ ደግሞ እንደገና አይሠረግም።

ሌላ ኮምፒውተር ተዋሰች፤ አዲስ ዲስክም ገዛች። የቀራት ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን ሰክታ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የምትገለብጥበት ዶክ ነው፤ እንደ ዳቦ መጥበሻ ከላዩ ሁለት ስንጥቅ ያለው ሳጥን። ታዲያ ምን ያስቸግራል? ያስቸግራል እንጂ! በየሱቁ ያለው ዶክ ሁሉ ፊቱ ላይ አንድ ቁልፍ አለበት። ትንሽ ያዝ ሲያደርጉት፣ ኮምፒውተርም ሳያስፈልገው፣ የኋላውን ዲስክ እንዳለ ፊተኛው ላይ ይገለብጠዋል፤ ፊተኛው ላይ የነበረውንም ጠራርጎ ያጠፋዋል። ባዶውን ከኋላ፣ ሙሉውን ከፊት ሰክቶ የተጫነ ሰው አለቀለት። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ይህን ነገር አባባ ደርሰናል ባሉበት ቤት ማስገባት ቤንዚንና ክብሪት አንድ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ቤት ብቻቸውን ትታቸው መሄድ አልደፈረችምና አባቷን ይዛ ወጣች።

"ቁልፍ የሌለው የለህም?" አለች የመጀመሪያው ሱቅ ገብታ።

"እህቴ፣ ቁልፉ እኮ ተጨማሪ ጥቅም ነው!"

"ጥቅሙ ይቅርብኝ።"

"ካልፈለግሽው አትጫኚዋ!"

አትጫኚው ሲሏት ደሟ ይፈላል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ዘዴ እሷ አጥታው ነው? ሁለተኛው ሱቅ ቁልፍ የሌለው ተገኘ፤ የሚይዘው ግን አንድ ዲስክ ብቻ ነው። "ሁለት ግዢያ!" አላት ሻጩ፣ ገንዘቡን እሱ የሚሰጣት ይመስል። ሦስተኛው ጋ ሁለት ስንጥቅ ያለው፣ ቁልፍ የሌለው! ልቧ በደስታ ዘለለ። ካርቶኑን ስታገላብጠው የሚቀበለው የላፕቶፕ ትንንሽ ዲስክ ነው፤ የእሷዎቹ ትልልቆቹ ናቸው። ኧረ የዛሬውስ ምን ዓይነት ቀን ነው!

አራተኛው ሱቅ ስትደርስ እግሯ ዝሏል፣ ትዕግሥቷም አልቋል። ሻጩ ከሁሉም የባሰ ጠያቂ ነው።

"ቆይ እስቲ፣ ቁልፉ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የፈራሽው?"

"አባቴን ስለምፈራ ነዋ!" ብላ ፈነዳች። "ቁልፍ ካዩ አያልፉም! እንደ ሕፃን ልጅ ነው የምጠብቃቸው! ቤት ውስጥ ያልነካኩት፣ ያላበላሹት ነገር የለም። እጃቸውን አስሬ አላስቀምጣቸው፣ ምን ላድርግ?"

ከሱቁ ጥግ ዲንግ ዶንግ፣ ዲንግ ዶንግ ይል የነበረው ድምፅ ቀጥ አለ። አባቷ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የበር ደወሎች እየሞከሩ ነበር። ዘወር ስትል እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲከቱ አየቻቸው።

"ውጭ እጠብቅሻለሁ" አሉና ወጡ።

ምላሷን ብትነክስ ምን ዋጋ አለው? ከእፍረቷ የተነሣ ባለ ቁልፉን ገዛች። ፕላስተር እለጥፍበታለሁ አለች በልቧ።

 የሚኖሩበት ሕንጻ ገብተው ሊፍቱ ፊት ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙ። አባባ ደርሰናል እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። በመጨረሻ እሷ ተጫነችው።

በንዴት እጅ ዲስክ አይነካም ብላ ሥራውን ለነገ አሳደረችው። ጠዋት አባቷ ዳቦ ሊገዙ ወጡ፤ ቆዩ። ምን ሆነው ይሆን ብላ በሩን ስትከፍት፣ ዳቦውን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

"አባባ! ደወሉ ምን ሆነብዎት?"

"እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው።"

ይሄኔ አዘነችላቸው፤ ንዴቷም አብሮ ተነሣባት። ሰው አንድ ቃል ሲያመልጠው እንዲህ ይቀጣል? ይቅርታ ልትል ከአፏ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ግን ስልኩ ጮኸ፤ ሙሽራይቱ ናት። እሷን አባብላ ዘጋችና ቀጥታ ወደ ጥጓ ገባች። ሁለቱን ዲስኮች ሰካች፣ ዶኩን አበራች፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ግን ገና አላገናኘችም። መጀመሪያ ቁልፉን መሸፈን አለባት።

"አባባ፣ እዚያ ያለውን ፕላስተር ያቀብሉኝ።"

አባቷ መጋረጃው ጋ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆመዋል። "እኔ ምን ነክቼ!" አሉ። "አትንካ ተብዬ የለ?"

"ፕላስተር አይንኩ ያልዎት ማነው?" ጮኸች። "እኔ ያልኩት ይሄን ነው! ይሄን ብቻ! እዩት እስቲ! ሰው ይሄን እንዲህ አድርጎ ተጭኖ ትንሽ ከቆየ ሁሉም ነገር ድራሹ..."

ዶኩ ጢጥ አለ። ከፊቱ የተደረደሩት ትንንሽ መብራቶች ተራ በተራ መጥፋትና መብራት ጀመሩ።

ጣቷ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። ክው አለች። ዲስኮቹን የሰካቻቸው እንደ ነገሩ ነበር፣ በኮምፒውተር ልትገለብጥ ስለነበር ቦታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ትንቀለው? እየሠራ ያለን የታመመ ዲስክ መንቀል መግደል ነው። ትተወው? ምናልባት በዚህች ቅጽበት ባዶው ሠርጉን እየበላው ነው። 

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ አባቷ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ በኖሩበት ድምፅ።

"ከኋላ ወደ ፊት።"

"ሙሉው የቱ ነው?"

"ቀይ ምልክት ያለበት።"

ጎንበስ ብለው አዩ፤ እጃቸው አሁንም ወደኋላ እንደተጣመረ ነው። "ከኋላ ነው ያለው።"

አላመነችም። እሷም ጎንበስ አለች። እውነትም ቀዩ ከኋላ ነው። በእሷ ጥንቃቄ አይደለም፤ እንዲሁ እጇ ቀድሞ ያነሣው እሱን ሆኖ ነው። ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

 ከዚያ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

"እንግዲህ" አሉ፣ "ያንቺንስ እጅ ማን ይሰረው?"

ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣባት። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትናንት ሰው ፊት አዋረድኩዎት። የማይባል ነገር ተናገርኩ።"

"ተናግረሻል" አሉ፤ አላስተባበሉላትም። ትንሽ ቆይተው ራሷን ዳበስ አደረጓትና ነፋስ ልቀበል ብለው ወጡ።

ቀኑን ሙሉ ከዶኩ ፊት አልተነሣችም። መብራቶቹ አንድ በአንድ እየረጉ ሄዱ። ቀኑ ሲመሽ የመጨረሻውም በርቶ ረጋ፤ ግልበጣው አለቀ። አዲሱን ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችና ከፈተችው፤ ሙሽራይቱ ከነቬሏ ስክሪኑ ላይ ሳቀችላት።

ይሄኔ ደወሉ ጮኸ። አንዴ ጮኸና አላቆመም፤ ጆሮ እስኪበጥስ ቀጠለ። ተስፈንጥራ ተነሣች፣ "ኧረ አንዴ ይበቃል!" ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። የበሩን እጀታ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ይጫኑት፣ እስኪበቃቸው ይጫኑት። ከዚያ ከፈተች።

"ደርሰናል!" አሉ አባቷ።

"ደርሰናል፣ አባባ" አለች።