ቀን ብቻ የሚሠራው የውሃ ሞተር

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ይህንን የምጽፈው ስልኬ ላይ በአውራ ጣቴ ስለሆነና ማንም ስለማያየኝ ነው። አገር ቤት ላላችሁም፣ እንደ እኔ ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼም፣ እንዴት እንደወጣሁና ስለላክሁት የውሃ ሞተር ልንገራችሁ።

ወደ ጅዳ ለመሄድ ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ ሻንጣዬን ሚኒባሱ ላይ አስጫነና “ቢስሚላህ በይ” ብሎኝ ፊቱን አዞረ። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ግን መስኮቱን ይዛ፣ “ስትደርሺ ፎቶ ላኪ፤ የቤቱን ብቻ ሳይሆን የወጥ ቤቱን ማሽን ሁሉ!” አለችኝ። የምወደውን ታውቃለች። ገበያ ስንሄድ እሷ ቀሚስ ታያለች፣ እኔ ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ቆሜ የተፈታ ስልክ ሆድ ዕቃ አያለሁ።

አዲስ አበባ ላይ አሻራ የሚወስደው ማሽን አልቀበልም አለኝ። ጣቴን ባስቀመጥኩ ቁጥር ቀይ ይበራል።

“ጣትሽን አስቀምጪ እንጂ” አለኝ ሠራተኛው።

“አስቀምጫለሁ፣ ጋሼ።”

“ማሽኑ ጣት የላትም ይላል።”

“ኧረ አለኝ!” ብዬ አሥሩንም ዘርግቼ አሳየሁት።

መዳፌን አየና ሣቀ። “ምን ስትሠሪ ነው እንዲህ የተፋቀው?”

“ሽንኩርት ስኮተኩት፣ ማሾ ስለቅም።”

“በይ ግንባርሽን ጥረጊና ወዙን ጣትሽን ቀቢው።”

እንዳለኝ አደረግሁ፣ አረንጓዴ በራ። “አየሽ፣ ጣትሽን ሳይሆን ላብሽን ነው ያወቀው” አለኝ። በጣም አፈርኩ። ማሽኑን ግን አልተቀየምኩትም። ጅዳ ስደርስም እንደሱ ያለው ማሽን አንድም ቃል ሳልናገር በጣቴ ብቻ ማን እንደሆንኩ ነገረልኝ፤ እንደ እኔ ለምታፍር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አልተሠራም።

ሁሉም የጅዳ ሙቀት ይገድልሻል ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። የሸዋ ሮቢትን ልጅ በሙቀት! ያልነገሩኝ ብርዱን ነው። ቤት ውስጥ ኤሲው ሳያርፍ ይነፋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ሰው ጋቢ ናፈቀኝ። ሩዛቸው ይጣፍጣል፣ ግን የማሽላ እንጀራ የለመደ ሆድ ሩዝ በልቶ ወዲያው “ምሳስ?” ይላል። ወለሉን ክብ ሮቦት ይጠርጋል። አልጋ ሥር ገብቶ እኔ የማልደርስበትን አቧራ ሲያወጣ ብታዩት! ማዕዘን ላይ ግን ሰነፍ ነው፣ የምንጣፉንም ዘርፍ ሲበላ ሮጬ አስተፋዋለሁ።

ከሁሉም የምወደው የሚያስተረጉምልኝን ስልኬን ነው። በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ በዐረብኛ ይናገርልኛል። ማዳሜን “ኤሲውን ቀንሱልኝ” ለማለት ሁለት ሳምንት ፈራሁ፣ በመጨረሻ ለስልኩ ነገርኩት። ማዳሜ ሣቀችና መልሷን ለእሱው ነገረችው። እሱም በአማርኛ፣ “ስልክሽ ካንቺ ይበልጥ ደፋር ነው” አለኝ። ኤሲውም ተቀነሰ። ክፋቱ፣ ባትሪው ሲያልቅ እኔም አብሬው ዲዳ እሆናለሁ። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ያለውን ዕቃ ሁሉ አላምንም።

ወደ ውሃው ሞተር ያገባኝም ይኸው ነው። መሬታችን ከመስኖው ቦይ ከፍ ስለሚል ውሃውን በሞተር ስበን ነው የምናጠጣው። ባለፈው ዓመት ናፍጣ ጠፍቶ አባቴ ጀውሃ ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ ሲንከራተት ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደረቀ። ሰሚራ ደወለችና፣ “ዘንድሮም ከደረቀ ትምህርቴን ትቼ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ፤ ፓስፖርት ላወጣ ነው” አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ያቋረጥኩትን እሷ እየጨረሰችልኝ መስሎኝ ነበር።

ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስፈልግ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ሞተር አየሁ። ናፍጣ የለው፣ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። ሻጩ ሲያብራራ “ባትሪ እንኳን የለውም” ሲል ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። የሚያልቅ ነገር የለውም ማለት ነው! አባቴም ተስማማ። ገንዘቡን ላክሁ፣ ሞተሩ ፀሐይ ከሚቀበለው ፓኔሉ ጋር ሸዋ ሮቢት ደረሰ።

ከቦዩ ውሃ የምናገኝበት የመጀመሪያው ተራችን ባለፈ ማግሥት፣ አባቴ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደወለ።

“ልጄ፣ ይኼ ያንቺ ሞተር ተኝቶ አደረ።”

“ጭቃ ገብቶበት ይሆናል፣ አባዬ።”

“ወላሂ ምንም አልገባበትም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ ልክ እንደ መብራቷ።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የእኛ የውሃ ተራ ሌሊት ነው። ቤታችን ያለችው የሶላር መብራት ቀን ፀሐይ ጠጥታ ማታ ታበራለች፤ እኔም አባቴም ሞተሩን እንደሷ አድርገን አስበነው ኖሯል። መብራቷ ግን ሆዷ ውስጥ ባትሪ አላት። እኔ ያን ያህል ደስ ያለኝ ሞተሩ በሌለው ነገር ነበር።

ሰሚራ ምንም አልወቀሰችኝም፣ “በቃ፣ ፓስፖርቱን ላወጣው ነው” ብቻ አለችኝ።

ያን ቀን ስፈራ ስቸር ያሰብኩትን ለአባቴ ነገርኩት። እሱም፣ “እኔ አላውቅበትም፣ ራስሽ ንገሪያቸው” ብሎ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ የውሃ አባታችን ጋሽ ሁሴን ፊት አስቀመጠው። ተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። የቀን ተራ ያላቸው፣ እንደ እኛው በናፍጣ ሞተር የሚያጠጡት ጎረቤታችን ጋሽ ኡመርም እዚያው ነበሩ።

“አንቺ ልጅ፣” አሉኝ ጋሽ ሁሴን፣ “ፀሐይዋን ማታ እናውጣልሽ እንዴ?” የሰው ሣቅ ሰማሁ። የሚያስተረጉም ስልክ አይረዳኝም፤ በገዛ ቋንቋዬ መናገር ነበረብኝ።

“አይ፣ ጋሼ። ጋሽ ኡመር ግማሽ ቀኑን ለአባቴ ይስጡ፣ ግማሽ ሌሊት ከአባቴ ይውሰዱ። ቀን ቀን ሞተሬ ያለ ናፍጣ ለሁለቱም ይሠራል።”



“እኔ ሌሊት ብርድ ልመታ?” አሉ ጋሽ ኡመር።

“ሸዋ ሮቢት ላይ የምን ብርድ ነው?” አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። “ብርድ ከፈለጉ እዚህ ጅዳ ይምጡ!”

ሣቁ ሲያበቃ ጋሽ ሁሴን፣ “ኡመር፣ ናፍጣ ፍለጋ ጀውሃ ከምትውል ይሻልሃል” አሏቸው። ጋሽ ኡመርም እሺ አሉ።

አሁን ሞተሩን የያዘችው ሰሚራ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፓኔሉን አቧራ ትወለውላለች፣ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ታዞረዋለች። ደመና ከሆነ ውሃው እንደሚቀጥን አልደብቃችሁም፤ በዚህ ናፍጣው ይበልጠዋል። ግን የማንንም በር ሳያንኳኳ በራሱ የሚነሳ ሞተር ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ትናንት በቪዲዮ ደወልኩላት። ሽንኩርቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ገና ግን አልደረሰም። ስለ ፓስፖርቱ ልጠይቃት ፈልጌ ስለ ትምህርቷ ጠየቅኋት። ድሮ ስደውል የምትለምነኝ ስልኩን እንዳልዘጋው ነበር። ትናንት ግን ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላዋ ሄደ፣

“ቆይ እትዬ፣ የማንጎው ዛፍ ጥላ ፓኔሉ ላይ መጣ፤ አሁን ዝጊው” አለችኝ።