ወንድሜ የጻፈው የምድጃ ግጥም

ትናንት በምን አለሽ ተራ ሳልፍ፣ አንድ ቀጥቃጭ ከዘይት ቆርቆሮ የሠራውን ምድጃ ሊሞክር እሳት ሲያያይዝ ጭሱ ዐይኔን አቃጠለኝ። ወንድሜ ትዝ አለኝ።

እሱም እዚያው ምድጃ ይሠራ ነበር። በሞተ በወሩ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ አስተማሪያችን አስቂኝ ግጥም መርጠን ምጣኔውንና ቤት አመታቱን እንድንተነትን አዘዘችን። የእሱን መረጥኩ፦

ምድጃዬን ገዝታ ስታለቅስ በጭሱ፣
ጎረቤቷ ሁሉ ለቅሶ ደረሱ።

ቤት ይመታል፤ ግነትም አለው። ቀለሙን ስቆጥር ግን ሌላው ሐረግ ሁሉ ስድስት ሲሆን የመጨረሻው አምስት ሆነብኝ። ክፍል ውስጥ ስህተት እንዳይወጣበት ፈርቼ «ለቅሶውን» ብዬ ልሞላው ስል፣ አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌ፣ ጋሼ ከድር፣ ሊጠይቁን ቤት መጥተው አዩኝ።

«ተው አንተ! እሱ እኮ ‹ለቅሶ› ካለ በኋላ ሳቁ ያመልጠዋል። ከዚያ ነው ‹ደረሱ› የሚለው።»

ልክ እንደሱ እየሳቁ አነበቡልኝ። እኔም ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ስለነበር ደንግጬ አፌን ያዝኩ።

«ሳቅ እንጂ! ታዲያ ለምን የጻፈው ይመስልሃል?» አሉኝ።

ግጥሙን እንዳለ ለአስተማሪዋ ሰጠኋት፤ ልቤም ቀለል አለኝ። የጎደለውን ቀለም አውቆ ትቶት ይሁን ተሳስቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።