አምስት ወር ወደ ኋላ የቀረው መዝገብ

ሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከላምበረት መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ሸዋ ሮቢት ነው። እዚያ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አለች፤ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ታካሚዎችን ትከታተላለች። መዝገቧ ያለበትን ሰርቨር የተከልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ረቡዕ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩ ዲስክ ተቃጠለ። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ደምሴ በእጃቸው የነበረውን ትርፍ ዲስክ ገጠሙና፣ ጽፌ የተውኩላቸውን ትእዛዞች አንድ በአንድ እየገለበጡ መዝገቡን ከመጠባበቂያው መለሱ። ያን ዕለት ማታ ደውለውልኝ ነበር።

«ተመልሷል ሰብልዬ። ግን አንዳንድ ሰው ካርዱ አይገኝም» አሉኝ።

«የመጨረሻው ቀን ሥራ ይሆናል የጎደለው። ይሥሩበት፤ ሰኞ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳላይ ነው። ከሩቅ ገብቼ እንዳላይ በአካባቢው ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቷል። ቢሆንም «አላውቅም፣ እስክመጣ አትጠቀሙበት» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም።

ሚኒባሱ እስከ ደብረ ብርሃን ደህና ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዲስክና ገመድ አይቶ ወታደሩ «እናቴ፣ ይኼ ምንድነው?» አለኝ። «የክሊኒክ መዝገብ ማስቀመጫ ነው» ስለው አገላብጦ መለሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አላጉላላኝም።

የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ነበር። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ መንገድ ያሳያል፤ ሹፌሩ ይሰድበዋል፤ ተሳፋሪው ይጸልያል። እኔም ጸለይኩ።

ደብረ ሲና፣ አራት ሰዓት

ቁርስ ብለው አቆሙን። የቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። አንዷ ለእኔ ብላ በወረቀት ጠቅልላ ዘረጋች።

«ውሰጂ እናቴ፣ ሃያ ብር ናት። ሮቢት ስትደርሺ ሙቀቱ እንደገና ይቆላዋል።»

«እኔንስ?» አልኳት።

«አንቺንማ ቆልቶ ይጨርስሻል!» ጎረቤቶቿ ሳቁ። ገዛኋት። በዚያ ቀን የሳቅሁት እዚያ ብቻ ነው።

ከደብረ ሲና በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። አርማንያን ስናልፍ ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ። ታች ማሽላው እስከ አድማስ ድረስ ቆሟል፤ ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች በተራ ወደ ላይ ያቃስታሉ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ደረስን። በባጃጅ ወደ ክሊኒኳ ሄድኩ።

ጋሼ ደምሴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ስድሳ ያለፋቸው፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጥተው፣ ቆመው ቀሩ። ሰው የሠራውን ሊያስመረምር ሲል እንዲህ ይቆማል።

ሰርቨሩ ላይ የሚጫን ቁልፍ፣ የሚታይ ሥዕል የለም። ጥቁር ስክሪን ነው፤ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ በጽሑፍ ይመልሳል። አሠራሩ ቀላል ነበር። መዝገቡ በየሌሊቱ ወደ አንድ ፋይል ይገለበጣል፤ ፋይሉ ደግሞ አርሲንክ በሚባለው ትእዛዝ ወደ ውጪው ዲስክ ይቀዳል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይተካል።

የውጪውን ዲስክ ፋይሎች ከነቀናቸው ዘርዝር አልኩት። ዘረዘረ። የመዝገቡ ፋይል የተቀዳው ከአምስት ወር በፊት ነው።

እዚያው ዲስክ ላይ ሌሊቶቹን የሚመዘግበውን ማስታወሻ ከፈትኩ። ሁሉም ሌሊት «ያለ ስሕተት ተጠናቋል» ይላል። አንድም የጎደለ ሌሊት የለም። ከአንድ ቦታ በኋላ ግን ዓመተ ምሕረቱ ዘሎ ወደ ኋላ ሄዷል። ቀኑ ስንት ነው ብዬ ሰርቨሩን ጠየቅሁት። ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ያለ ቀን መለሰልኝ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ይህን ቀን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «የቀጠሮ ወረቀቱን በፈረንጅ ቀን ነበር የሚያትመው። ገበሬው በየት ያውቀዋል? ከቆላው አራት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ‹ቀንህ አልፏል› ይባላል። አንዷ እርጉዝ እንዲያውም ሦስቴ ተመልሳለች። በእኛ አቆጣጠር አደረግሁት። ወር በገባ ቁጥር እያረምኩ ይኸው አምስት ወሩ። አንድ ሰው ቀጠሮ ስቶ አያውቅም።»

ፊቴን አይተው ድምፃቸው ወረደ። «ጥፋት ነው እንዴ?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰርቨሩን ስተክል በአርሲንክ ትእዛዝ ላይ አንዲት ፊደል ጨምሬ ነበር። ትርጉሟ «ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ከሚመጣው የበለጠ አዲስ ከሆነ አትንካው» ነው። ለጥንቃቄ ነበር። ጋሼ ደምሴ ቀኑን ወደ እኛ ዓመተ ምሕረት ሲመልሱት፣ ትናንት ሌሊት የተጻፈው ፋይል የስምንት ዓመት አሮጌ መሰለ። ትእዛዙም እንደታዘዘው አለፈው። ያን ሌሊትም፣ በሚቀጥለውም። አልዋሸም፤ የሚቀዳ ነገር አላገኘም፣ ያለ ስሕተትም ጨርሷል። እኔ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ወራት የተቀዳውን ፋይል አንድ ቀን እንኳ ከፍታችሁ እዩ አላልኩም።

የተቃጠለውን ዲስክ ከያዝኩት ገመድ ጋር አገናኘሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ጸጥ አለ። አራት ጊዜ ሞከርኩ። ሰርቨሩ ዲስክ የለም ይለኛል። የአምስቱ ወር መዝገብ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ሲስተር ዘይነብ ገባች። የክሊኒኳ ነርስ ናት፤ የቀወት ልጅ፣ ቆላውን በስም የምታውቅ። የሆነውን ነገርኳት። ስለ ዲስኩ አልጠየቀችኝም።

«ሐሙስና ዓርብ መድኃኒት የወሰዱትስ?» አለች።

የሁለቱን ቀን ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣሁላት። በሁለቱ ቀናት የመጡት አሥራ አንድ ታካሚዎች የወሰዱት ከአምስት ወር በፊት የታዘዘላቸውን ነው። ዘይነብ ሁለቱንም ቀን ፈቃድ ላይ ነበረች። ዝርዝሩን በጣቷ እየነካች ወረደችና አንድ ስም ላይ ቆመች።

«ሰዓዳ። ያ አላህ! ነጩን የሚጥል በሽታ ክኒን በጀመረች ሁለት ወር ሳይሞላ አቁመንባት ነበር። በአካሏ ሁሉ ሽፍታ ወጥቶ።»

አሥሩን ታካሚዎች በስልክ አገኘናቸው። የሰዓዳ እናት ስልክ አይሠራም።

ቀወት፣ ዘጠኝ ሰዓት

ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ዘይነብን ያውቃታል።

«ሲስተር፣ መርፌ ከያዝሽ አልጭንሽም። ባለፈው የወጋሽኝ ገና አልለቀቀኝም።»

«ሙሐመድ፣ ንዳ» አለችው። አነጋገሯን ሰምቶ ቀልዱን ተወ፤ ነዳ።

መንገዱ በማሽላ መካከል ይሄዳል። አቧራው ጥርስ ላይ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ጋር ጥግ ይዘው አሳለፉን። ባጃጁ መግባት ከማይችልበት ወዲያ ግማሽ ሰዓት በእግር ሄድን። እኔ ለደጋ የተሠራሁ ነኝ፤ ዘይነብ ሁለት ጊዜ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሰዓዳ ከዛፍ ሥር፣ ሰሌን ላይ ተኝታ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከንፈሯ ቆስሏል፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ደረቷ ላይ ሽፍታው ወጥቷል። እናቷ መዲና ዘይነብን ስታይ ተነሣች።

«ወላሂ ነግሬያቸዋለሁ» አለች፣ ሰላምታ ሳትሰጥ። «‹ይኼ ያ ነጩ ነው፣ ልጄን የፈጃት ነው› አልኩት። መድኃኒት ሰጪው ኮምፒውተሩን አየና ‹እናት፣ እዚህ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ይኼን ነው ያዘዘው› አለኝ። ሁለቴ ነገርኩት። ‹ትረሺያለሽ› አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ከኮምፒውተር ጋር ልሟገት?»

«ታዲያ ሰጠሻት?» አለች ዘይነብ ቀስ ብላ።

«በእጄ! ጠዋትና ማታ፣ አራት ቀን፣ በእጄ! እሷ አልውጥም ስትለኝ ተቆጥቻት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይቺስ ማናት?»

«ኮምፒውተሩን የተከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አንቺ ልክ ነበርሽ። የተሳሳተው መዝገቡ ነው፤ ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ልጇን አቀፈችና መንገድ ጀመረች።

በየተራ እየተሸከምናት ባጃጁ ጋ ደረስን። ሙሐመድ ሒሳብ ስሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ልጅቱን አድርሺ» ነው ያለኝ። ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

የክሊኒኳ ሐኪም አይቷት ወዲያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትሂድ አለ። ሚኒባስ ተከራይተን መዲና፣ ሰዓዳና እኔ ወጣን። ሰዓዳ እናቷ ላይ ተደግፋ፣ በዚያ በቆሰለ ከንፈር፣ ጉሙ ውስጥ ስንገባ «ደጋ ማለት ይኼ ነው? በቀን ይመሻል እንዴ?» አለች። መዲና ሳቅ መጣባትና አፏን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ አለቀሰች።

ደብረ ብርሃን

ሐኪሞቹ ተቀበሏት። ቶሎ መምጣቷ ጥሩ ነው፣ ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ ሌላ ነበር አሉን። በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ። ወዲያው አፈርኩ፤ የማመሰግነው ከራሴ እጅ ስላዳናት ነውና።

በማግሥቱ ጠዋት ልመለስ ስል መዲናን በረንዳ ላይ አገኘኋት። ዳቦና ሻይ ይዤላት ነበር። ተቀበለችኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

ዳቦውን ቆርሳ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። «ጌታዬ አውፍ ይበልሽ» አለች። «እኔ ልጄን ይዤ አገሬ ስገባ አስብበታለሁ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት አልተመለሱም ነበር። ቁጭ ብዬ፣ የምጠብቃቸውን ሌሎች ሰርቨሮች ሁሉ ከፍቼ ያቺን ፊደል ፈለግኋት። በሰባቱ ላይ አገኘኋት፤ ከሰባቱም አወጣኋት። አሁን መጠባበቂያው በየሌሊቱ በየራሱ ስም ይቀመጣል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ እመልሰዋለሁ፤ ከፍቼ ትናንት የታከመ ሰው እፈልግበታለሁ። ካላገኘሁት መጠባበቂያ የለኝም ማለት ነው፤ ማስታወሻው የፈለገውን ቢል። ጋሼ ደምሴም ቀጠሮውን አሁንም በእኛ አቆጣጠር ያትማሉ። ያንን አልነካሁባቸውም፤ የሰርቨሩን ቀን ሳይለውጥ ወረቀቱ ላይ ብቻ የሚቀይር ትንሽ ትእዛዝ ጻፍኩላቸው። ትክክል ነበሩ። ይህን መጀመሪያ መሥራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የአምስቱን ወር መዝገብ ዘይነብና ጋሼ ደምሴ ከታካሚዎቹ አፍ እየሰሙ እንደገና እየጻፉ ነው። ብዙው አልተመለሰም።

ሰዓዳ በሁለተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወጣች። ግራ ዓይኗ ብርሃን ይከብደዋል፤ ከቤት ስትወጣ የእናቷን ሻሽ ትከናነባለች ብላ ዘይነብ በስልክ ነገረችኝ። መዲናም ክትትሉን አላቋረጠችም። ባለፈው ቀጠሮ መድኃኒት ሰጪው ስክሪኑን ሊያይ ሲዞር፣ መዲና ክንዱን ይዛ «መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» አለችው። ጠየቃት።

ስለ እኔ ምን እንዳለች ዘይነብን አልጠየቅሁም። አስባበት ይሆናል፣ ወይም ገና ይሆናል። አላጣድፋትም።