ቆመው የጠየቁት ተራራ

ፕሮፌሰር ሮሪሳን በሰፈራችን ፕሮፌሰር ብሎ የሚጠራቸው የለም፤ ጋሽ ሮሪሳ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ አቃቂ፣ ዛሬ መጋዘኖች የቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። በልጅነታቸው ከአባታቸው አውድማ ላይ ሆነው ያዩዋቸው የነበሩት ከዋክብት የፋብሪካው መብራት እየበዛ ሲሄድ ጠፉባቸው። ፊዚክስ ተምረው ሠላሳ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በደቡብ በኩል አንድ ተራራ ላይ የመጀመሪያውን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ለማቆም ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። መሣሪያው ሲጓጓዝ አቧራ እንዳይገባበት የሸራ ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሙያዬ የድንኳን ስፌት ነው። ስምንት ዘለበት ነበረው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሁለተኛውን ጣቢያ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ጥርት ያለ ሰማይ ፍለጋ ደመናውን ሲመዘግቡ ቆይተው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ተራራ መረጡ። ጫፉ ግን የእትዬ ያለምወርቅ የሣር መሬት ነው፤ እሳቸው እንቢ ካሉ መንደሩም እንቢ ይላል። ጋሽ ሮሪሳ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላኩላቸው። መልስ የለም። ሁለተኛው ሳይከፈት ተመለሰ። ለአዲሱ ጣቢያ መሣሪያውን የሚለግሰው የውጭ ድርጅት ደግሞ እስከ ሰኔ መሬት ካልተገኘ ለሌላ አገር እሰጣለሁ አለ።

ይህን ለባለሱቁ ለሀይረዲን ሲነግሩት እኔ ክር እየገዛሁ ነበር።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሲያገቡ ለአማትዎ ደብዳቤ ነው የላኩት?" አላቸው።

"ሽማግሌ ነው እንጂ!"

"ታዲያ ተራራ ከሴት ልጅ ያንሳል? ይህን ሁሉ ተምረው!"

ጋሽ ሮሪሳ ግንባራቸውን ያዙ።

በሳምንቱ ሦስታችን ሄድን። እኔን ሴቷን የጨመሩኝ ባለ መሬቷም ሴት ስለሆኑ ነው፤ ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንልኝም። ከመኪናው መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ወጣን።

እትዬ ያለምወርቅ ደጃፋቸው ላይ ገብስ አስጥተዋል። አግዳሚ አሳዩን።

"የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" አለ ሀይረዲን፣ በሽማግሌ ወግ።

"ቁሙ እንግዲህ" አሉና ገብሳቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።

ቆምን። ጋሽ ሮሪሳ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ግራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

"እላይ ምን ልትሠሩ ነው?" አሉ እትዬ ያለምወርቅ በመጨረሻ።

"ከዋክብት የምናይበት ቤት።"

"ለዚህም ቤት ይሠራል? እኛ ደጅ ወጥተን እናያለን።"

"ታድላችሁ! እኛ አቃቂ አናያቸውም" አሉ ጋሽ ሮሪሳ። "ደስ የማይላችሁንም ልንገራችሁ። መብራት ሲገባላችሁ የውጭ አምፖላችሁ ክዳን ሊኖረው ነው፤ ወደ መሬት ብቻ ያበራል። ወደ ሰማይ ከለቀቃችሁት ጣቢያው ከንቱ ይቀራል።"

ሀይረዲን ኮታቸውን ጎተተ። "ጋሼ! ሚስት ስትጠየቅ የሙሽራው ጉድ ይነገራል እንዴ?" አለ በሹክሹክታ።

እትዬ ያለምወርቅ ሰምተውት ኖሯል። ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎስ ዝም አሉ፤ እኚህ ሰው ቃላቸው ይታመናል?"

የመጣልኝ ዘለበቱ ብቻ ነበር።

"የመሣሪያቸውን ልብስ ስሰፋ ስምንተኛውን ዘለበት አጣምሜው ነበር። ማን ያየዋል ብላቸው፣ 'እኔና አንቺ አውቀናል' ብለው አስፈቱኝ።"

እትዬ ያለምወርቅ ከእጃቸው ላይ ገብሱን አራገፉ። "የከብቶቼ መንገድ አይዘጋም?"

"አይዘጋም" አሉ ጋሽ ሮሪሳ።

ገብተው አጎዛ አመጡና አግዳሚው ላይ አነጠፉ። "ተቀመጡ።"

ጋሽ ሮሪሳ ወዲያው አልተቀመጡም። "ተቀመጡ ብለውናል፣ አይደል?" ብለው ሀይረዲንን ጠየቁት።

"ብለዋል፣ ጋሼ።"

ያን ጊዜ ነው ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው የተቀመጡት።