ኔትወርኩ ሳይጠፋ

ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከደሃና ወረዳ መጥተው ከተማ የተቀመጡ አንድ የቅኔ መምህር፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው፣ በየሳምንቱ እየመጡ የዋግ አገዎች ቋንቋ የሆነውን የኽምጣናን ቃላት ከነአማርኛ ፍቻቸው ኮምፒውተር ላይ ያስገቡ ነበር። የሚሠሩበት ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ቢሆንም ተዘጋጅቶ የሚጫን አይደለም፤ ከምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ባለሙያዎች ከጻፉት የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ መገንባት አለበት። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ገንብቶት፣ እንዴት እንደገነባው ሳይጽፍ ተዛውሮ ሄዷል።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ቃላቱ ፍላሽ ላይ ስለነበሩ ተረፉ፤ ያለ ፕሮግራሙ ግን አይከፈቱም።

"ጠፋ ማለት ነው?" አሉኝ የኔታ።

"አልጠፋም። ትንሽ ይታገሱኝ" አልኳቸው።

ያን ሰሞን ኔትወርክ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ነበር። አንዴ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ስለማይታወቅ ወሬውን የሚንቅ የለም። በሌላ ኮምፒውተር ግንባታውን ስጀምር ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ የሚደገፍበት ሌላ ፕሮግራም ጎድሎታል። ያንን አውርጄ ስጭን እሱም የራሱን ጠየቀ። እያንዳንዱን ከነቨርዥኑ እጽፋለሁ፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አኖራለሁ። ማውረዱ መሃል ላይ ቀጥ ባለ ቁጥር እንደገና አስጀምረዋለሁ። የመጨረሻው ፋይል ወርዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርኩ ሄደ።

የኔታ መጥተው ወንበር ሳቡ። "ልጄ፣ ቃላቱን የነገሩኝ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አርፈዋል። እንደገና ማንን እጠይቃለሁ?"

ከዚያ ወዲያ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እርሳቸው እንዳይሆኑ እሰጋ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሳይታሰብ ኔትወርኩ ተመለሰ። ሰው ወደ ዘመዱ ሲደውል እኔ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። የቀረው ወረደ፣ ግንባታው አለቀ፣ ቃላቱ ተከፈቱ። የኔታ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አንድ ቃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

እኔ ግን የጻፍኩት ለሌላ ጊዜ ይበቃል ብዬ አላመንኩም። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ፣ ምንም ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ፍላሹን ሰክቼ የጻፍኩትን ብቻ እየተከተልኩ እንደገና ገነባሁት። ሳልጽፍ የዘለልኩት ነገር ተገኘ፤ ጨምሬ ደገምኩት።

"አሁን እኔ ባልኖርም ይሠራል" አልኳቸው።

"ይህን አንብቦ የሚሠራ ሌላ ማን አለ?"

ማንም አልነበረም። በማግስቱ የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት። የጻፍኩትን እያነበበች ስትሠራ፣ በየመሃሉ የተሳሳተች ይመስለኛል፤ ቢሆንም እጄን ወደ ኪቦርዱ አልዘረጋሁም።