ለአፈር የተዘራ ባቄላ

ቆሻሻ ሳይ እጄን ይበላኛል። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ደረጃችን ላይ የሙዝ ልጣጭ አድሮ አያውቅም። የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆንኩትም በዚሁ በሽታዬ ነው። አንድ ጊዜ ግን ይኸው በሽታዬ ጉድ አፍልቶብኛል።

ከብሎካችን ጀርባ ግንበኞች የተረፋቸውን ሁሉ ጥለውበት የሄዱ ባዶ ቦታ አለ። አሸዋ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የብሎኬት ስብርባሪ። እኔ መኪና ማቆሚያ እናድርገው ባይ ነበርኩ፤ መኪናዬ መንገድ ዳር እያደረች ሁለት ጊዜ ስፖኪዮዋን ተሰርቃለች። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ግን «ጎመን ልትከልበት» አሉ። እኚህ ሴት ወደኛ የመጡት ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጓሮ የነበራቸው ሰው፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመው ወደ መሬት ያያሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ጎመን ቢጫ ሆኖ ከጣት ሳይረዝም ቀረ። ኮሚቴው አንድ ክረምት ጨመረላቸው፤ እስከ ኅዳር ደህና ጎመን ካልበቀለበት ኮንክሪት ይፈስበታል። ውሳኔውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ባቄላና አጃ ደባልቀው ዘሩ። በቀለ። እኔ እሸቱን በሐሳቤ እየፈለፈልኩ ሳለ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ገና አበባ እንደያዘ፣ ማጭድ ይዘው ወረዱና ያጭዱት ጀመር።

«እማማ፣ ያበበ ባቄላ ይታጨዳል እንዴ? ምን ነካዎት?»

«ለአንተ መች ዘራሁት? ለአፈሩ ነው፤ ርቦታል። ባቄላው ከአየር ምግብ ያመጣለታል፣ አጃው ከታች ይለቅምለታል። ፍሬ ከያዘማ ሁሉንም ወደ ፍሬው ይወስደዋል፤ ለአፈሩ ምን ሊተርፈው?»

ባጨዱት መሬቱን አልብሰው ትተውት፣ ለበዓሉ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ።

ጳጉሜ ላይ የአዲስ ዓመት ጽዳት ወጣን። «ለአፈሩ ነው» ያሉኝ ጨርሶ አልታወሰኝም፤ እኔ የሚታየኝ የጠወለገ ገለባ ነው። ነዋሪውን አስተባብሬ ጥርግርግ አድርገን አሥራ አንድ ጆንያ ሞላን። ጉቶውንም ንቀሉት ብዬ አዝዤ ነበር፤ ወገቤን ሲይዘኝ ግን ለራሴ ስል ይቅር አልኩ። ጆንያዎቹን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንዲሰጥልኝ ለጥበቃው አስረክቤ፣ በሥራዬ ረክቼ ገባሁ።

ጎረቤቴ ለመስቀል ዋዜማ ተመለሱ። ባዶውን መሬት አዩ። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዞር ብለው፦

«መኪናህን ልታቆምበት ነው?» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መኪና ያለኝ እኔ፣ ውሳኔውን ያነበብኩት እኔ፣ ያስጠረግኩት እኔ። ማን ያምነኛል? «ማለቴ... ቆሻሻ መስሎኝ...» ስል ተንተባተብኩ። ፊታቸውን አዙረው ገቡ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ወደ ጥበቃው ሮጥኩ። ጆንያዎቹ የት እንደተጣሉ ስጠይቀው ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አልጣልኩትም። እንዲህ ያለ መኖ ይጣላል እንዴ? ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ቤቴ ወስጄ ለበጎቼ ሰጠሁት።»

«ተርፏል?»

«ምን ይተርፋል! በቃ፣ ሙጥጥ አድርገው በሉት።»

«ፍጉስ?»

በሕይወቴ የበግ ፍግ እጠይቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥበቃው ሳቀ። «እሱማ ተከምሮ የት እንደምደፋው አጥቻለሁ፤ ጎረቤቶቼ ሊያስወጡኝ ነው።»

ፍጉን በነዚያው ጆንያዎች ሞልተን፣ መቀመጫዋን በየሳምንቱ በማጥበው መኪናዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሽታው እስከ ገና አልለቀቃትም።

በራቸውን አንኳኳሁ። ወርደው ጆንያዎቹን አዩ፤ ከዚያ ፍግ የተለቀለቀ ሸሚዜን አዩ። ጎንበስ ብለው አንድ የባቄላ ጉቶ ነቀሉ። ሥሩ ላይ ምስር ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ተደርድረዋል።

«ሥሩን ለምን ተውከው?»

ብልህ መስዬ ብዋሽ ይቻል ነበር። «ወገቤን ይዞኝ ነው» አልኩ።

ሳቃቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። «እሰይ! ወገብህን ይባርከው! ከአየር ካመጣው ምግብ ጥቂት የማይባለው እዚህ ነው ያለው» አሉና ጉቶውን እጄ ላይ አስቀመጡት። ያኔ ነው እፎይ ያልኩት።

ፍጉን ከአፈሩ ጋር አብረን ቀላቀልን፣ ጎመኑንም አብረን ተከልን። ኅዳር ላይ ኮሚቴው ወርዶ ሲያይ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጉልበት ላይ ደርሷል። የኮንክሪቱ ነገር ይቅር ሲባል መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መኪናዬ ዛሬም መንገድ ዳር ነው የምታድረው።

ሰዎቹ ሲበተኑ ጎረቤቴ ጎመን እየቀነጠሱ፦

«ያን ቀን አውቀህ ያደረግከው መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ይኸው ጎመን እያሸከምኩህ አይደል?» አሉና አንድ እቅፍ ጨመሩልኝ።